ልላገው ወይስ ልቀይረው? የአሮጌ ኮሮላ ቴስታታ ጉዳይ

አብሽር ወንድም ዓለም። ከኮምቦልቻ የጻፍከውን አነበብኩት። 2ኢ ሞተር ያላት የ1990 ሞዴል ኮሮላህ ውሃ ትጨርሳለች፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዳገት ሐረጎን ስትወጣ ትፈላለች። መካኒክህ ደግሞ «ቴስታታው አልቋል፣ ሞተሩን በሙሉ ቀይር» ብሎሃል። ቴስታታ ማለት ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ ነው። አንተም አቅሜ አይፈቅድም፣ ቴስታታውን ባሠራው ያዋጣኛል ወይ ብለሃል። እኔ ደሴ ነኝ። ያንኑ ሞተር እነዳለሁ፣ ይሄው ነገር ደርሶብኛል። ሞተሩን ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ አስለካ።

የእኔዋ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ነው የፈላችው። ደንግጬ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩባት። ይህን በፍጹም አታድርግ። የዚህ ሞተር ብሎክ (የታችኛው አካል) ብረት ነው፣ ቴስታታው ግን አልሙኒየም። አልሙኒየም ሲሞቅ የብረትን እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በብሎን ተወጥሮ ስለተያዘ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ይጎብጣል። እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ብቻ ቀይሮ መለሰልኝ። ቴስታታውን የለካ ሰው አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የሞተር ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ማኪያቶ መሰለ። በሁለተኛው ጊዜ ግን አስፈትቼ ራሴ ተሸክሜ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። አንድ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ፊቱን በደንብ አጸዱና ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋደሙበት። ከማዶ በኩል ባትሪ አበሩ። በ2ኛውና በ3ኛው ሲሊንደር መካከል እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን አየሁ። ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ቅጠሎች) ሲያስገቡ የ0.15 ሚሊሜትሩ ቅጠል ሳይታገል አለፈ። ለእንዲህ ዓይነቱ የቶዮታ ቤንዚን ሞተር የሚፈቀደው ጉብጠት ቢበዛ 0.05 ነው። በዚህ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ብርን ወንዝ መጣል ነው።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ሳይፈታ በፊት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) አስለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። መጽሐፉ 12 ባር የሚል ከሆነ፣ ጤነኛ ሞተር እኛ ጋ 9 አካባቢ ቢያነብ አይግረምህ። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አታስተያይ፣ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አስተያያቸው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ከወረዱ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥር። አንዱ ብቻ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ከታች ነው፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)። ካልተነቃነቀ ችግሩ ከላይ ነው፣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ፋሻው ደህና ከሆነ ሙሉ ሞተር የምትቀይርበት ምክንያት የለህም።

ከተፈታ በኋላ ከመላግ (ፊቱን ልጦ ከማስተካከል) በፊት ስንጥቅ ይፈለግ። ዓይን ብቻ አይበቃም። የውሃ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ አየር ሞልቶ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚፈትሽ ቤት ፈልግ። አረፋ ከወጣ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ከማቃጠያው ክፍል ወደ ውሃው መንገድ የሚገባ ከሆነ እኔ በአርጎን ብየዳ ገንዘብ አላባክንም። ብየዳው ራሱ ሙቀት ነው፣ የቫልቭ መቀመጫዎቹን ያላላል። ያኔ ቀይረው።

ስንጥቅ ከሌለ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ብቻውን ቦታው ላይ ግጠሙና በእጅ አዙሩት። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። የጎበጠ ቴስታታ ከታች ብቻ ሲላግ ፊቱ ይስተካከላል፣ የካምሻፍቱ መስመር ግን እንደጎበጠ ይቀራል። እየያዘ የሚዞር ከሆነ ከታች መላጉ ብቻ አያድነውም። በነጻ ከዞረ ይላግ፣ ግን በትንሹ። ብዙ ከተላገ ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል። ደሴ ላይ ላይታወቅህ ይችላል፣ ወደ ባቲና ሚሌ ወርደህ ሙቀቱ ውስጥ ስትገባ ግን ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል።

12ቱ ቫልቮች ይፈጩ፣ የቫልቭ ጎሚኒዎች (ዘይት በቫልቮቹ በኩል እንዳይወርድ የሚያግዱት ጎማዎች) በሙሉ አዲስ ይሁኑ። ጎሚኒ ርካሽ ነው፣ እሱን ለማዳን ሲሉ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር መልሰው የሚገጥሙ አሉ። ሥራው ሲያልቅ ቴስታታውን ገልብጠህ ጉድጓዶቹን ነጭ ጋዝ ሙላቸው። ሻይ ጠጥተህ ተመለስ። በማስገቢያው ወይም በጭስ መውጫው በኩል እርጥበት ካየህ ቫልቩ አልገጠመም፣ መልስላቸው። የእኔ አንዱ አንጠባጥቦ በዚያው ቀን አስተካክለውልኛል።

መቀየር ግድ ከሆነ ደግሞ አዲስ ሳይሆን ያገለገለ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ማስመጣት ይቻላል። ግን ማስመሪያና ፊለር ጌጅ የያዘ የምታምነው ሰው ይሂድልህ። ቁጥሩ 2ኢ መሆኑን፣ በቫልቮቹ መካከል ስንጥቅ አለመኖሩን፣ በፊት አብዝቶ አለመላጉን ይይ። ካምሻፍቱና የሚይዙት ኮፍያዎች አብረውት ይምጡ። ኮፍያዎቹ ከዚያው ቴስታታ ጋር አንድ ላይ የተቦረቦሩ ስለሆኑ የሌላውን መግጠም አይሆንም። እኔ ማሠራቱ ከአዲስ ቴስታታ ዋጋ ግማሽ እንኳ አልሞላብኝም።

ሲገጠም የብሎኖቹ ጉድጓድ ይጽዳ። ውስጡ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር ይጥበቅ። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ቶርክ ሬንቹን ተከራይተህ ውሰድለት። ዘይትና ፊልትሮ ወዲያው ቀይር። የታይሚንግ ቺንጋውም ካረጀ አሁን ነው ጊዜው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ያፈላውን ነገር ካላገኘህ በወሩ ትመለሳለህ። የእኔን ያፈላው የራዲያተር ክዳን ነበር። ጎማው ደርቆ ግፊት መያዝ አቁሟል። ደሴ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቴርሞስታቱ የሚከፍተው ደግሞ 82 አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ የቀረህ 10 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ሐረጎን በ2ኛ ማርሽ ስትወጣ እሱ ምንም አይደለም። ክዳኑን ቀይር፣ ራዲያተሩን አሳጥብ፣ ቬንትላውና የውሃ ፓምፑ ይታዩ። ቴርሞስታቱን አውጥተው እንዳይጥሉብህ፣ ከተበላሸ በአዲስ ይተካ። ከጉድጓድ ውሃም ኩላንት ይሻላል።

መጀመሪያ የኮምፕሬሽኑን አራት ቁጥር እዚህ ጻፍልን። የት እንደተለካም ጨምር፣ ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ።