አንዱ ወደ ደጀን፣ አንዱ ወደ ቡሬ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከጓደኞቼ ጋር የ8 ደቂቃ አኒሜሽን እየሠራን ነው። ጀግናችን ማታ ማታ በደብረ ማርቆስ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ የሚዘል ሊስትሮ ነው። ሙዚቃው የእኔ ድርሻ ሆነ። በኮምፒውተር የኦርኬስትራ ድምፅ አስገባሁ፤ ከሥሩ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረውን፣ ሲንት የምንለውን) እና ቢት ጨመርኩበት። ለየብቻ ስሰማቸው አሪፍ ናቸው። አንድ ላይ ስከፍታቸው ግን ቫዮሊኑ ወደ ደጀን፣ ሲንቱ ወደ ቡሬ ይሄዳል። የስፓይደርማኑ አኒሜሽን ላይ እንዴት ነው እንደዚያ የተዋሐደው?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እሰይ የኔ ጌታ! ሊስትሮ ጀግና? ፊልሙ ሲያልቅ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ።

ያልከው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ስፓይደርማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር-ቨርስ» መሰለኝ። ሙዚቃውን የደረሰው እንግሊዛዊው ዳንኤል ፔምበርተን ነው። ሰውየው ኦርኬስትራውን አስቀረጸ። ከዚያ ቀረጻውን ሸክላ ላይ አሳተመው። ሸክላውን ደግሞ ለዲጄ ሰጠ፤ ዲጄው በእጁ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየፈተገ ስክራች አደረገው። አየህ፣ ቫዮሊኑን ከቢቱ ጎን አላስቀመጠውም። በቢት ሠሪው እጅ ውስጥ አሳለፈው። ያ የሚፈተገው ነገር ራሱ ኦርኬስትራው ነው።

ሸክላ ከየት ላምጣ አትበለኝ። የሠራኸውን የቫዮሊን ድምፅ እንደ ተራ ቅጂ አውጣው። ቁረጠው፣ ገልብጠው፣ ሲንትህን በምታሻክርበት ፕለጊን (ድምፅ በሚቀይረው ትንሽ ፕሮግራም) አሳልፈው። ትንሽ ብቻ። ቀሪው ንጹሕ ይቆይ።

እኔ ይህን የተማርኩት በመዋረድ ነው። ባሕር ዳር ለአንድ ቴአትር ሙዚቃ ስሠራ ሁሉን በኪቦርድ ጨርሼ መሰንቆ ተጫዋች ጠራሁ። ሰውየው መሰንቆውን የቃኘው በራሱ ጉሮሮ ልክ ነው። እኔ ደግሞ «ወደ ኪቦርዱ ከፍ አድርገው» አልኩት። ከፍ አደረገው። ሲዘፍን ድምፁ ተሰነጠቀ። ዝም ብሎ አየኝና «ያንተ ማሽን ዝቅ ማለት አይችልም?» አለኝ። ይችላል እንጂ! አንድ ቁልፍ ማዞር ነው። ማሽኑን ወደ ፈረስ ጭራው ክር አወረድኩት፤ አለቀ። መሰንቆ ለመጨመር ካሰብክ አንተም ከእሱ ጀምር።

አሁን ወደ ደጀንና ቡሬው። ለቫዮሊኑ አንድ ዜማ፣ ለሲንቱ ሌላ ዜማ ሰጥተሃል ብዬ እጠረጥራለሁ። የጎጃም ልጅ ነህና ማኅሌት ቆመህ ታውቃለህ። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ መሣሪያ የለም። በዝማሜ መቋሚያው ይነሣል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። ጽፋት ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ ሳታውቀው እግርህ ይነሣል። ዜማው ግን ያው የተጀመረው ነው። የጀግናህንም ዜማ እንዲያ አድርገው። አምስት ስድስት ኖታ ይበቃዋል። ሲንቱ ብቻውን ይጀምረው፣ ቫዮሊኑ ይቀበለው፣ ሲዘል ሁለቱም ይያዙት።

ከዚያ የጓዳ ሥራው ይቀራል። የኮንትራባስ፣ የዚያ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም፣ ወፍራሙ ክር 41 ሄርትዝ አካባቢ ነው። የሲንትህ ቤዝና ኪኩም (የቢቱ ወፍራም የከበሮ ምት) እዚያው ናቸው። ሦስቱም አንድ በር ላይ ከተጋፉ ማንም አይገባም። እኔ ብሆን ታችኛውን ለሲንቱ ሰጥቼ የኮንትራባሱን ወፍራም ድምፅ ከሥር እቆርጠዋለሁ። ቫዮሊን ደግሞ እያበጠ ነው የሚነሣው፣ ቢት ግን ወዲያው ይመታል። ስለዚህ ቫዮሊኑ የዘገየ ይመስላል። ትራኩን ጥቂት ሚሊሰከንድ ቀድሞ እንዲጀምር ሳበው፣ በጆሮህ ለካው። ሪቨርቡንም (የክፍሉን ማስተጋባት) አንድ አድርግላቸው። አሁን ቫዮሊኑ አዳራሽ ውስጥ፣ ሲንቱ ትራስ ሥር ሳይሆን አይቀርም።

ፍጥነቱን ከመወሰንህ በፊት ሥዕል የሚሠራውን ጓደኛህን ጠይቀው። ፊልማችሁ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ከሆነ፣ በደቂቃ 120 ምት ስትሄድ እያንዳንዱ ምት 12 ፍሬም ይወስዳል። 90 ከሆነ 16። ሙሉ ቁጥር ሲሆን ሊስትሮው ጣሪያው ላይ የሚያርፈው ምቱ ላይ ነው፤ ካልሆነ እያንዳንዱን ዝላይ በእጅ ስታስተካክል ታድራለህ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ከኢንተርኔት ያወረድከውን ከበሮ ለጊዜው ተወው። ሊስትሮ ደንበኛ ሲጠራ ሣጥኑን በብሩሹ ጀርባ ይመታል አይደል? ጧ፣ ጧ-ጧ። ስልክህን ሣጥኑ አጠገብ አድርገህ ቅረጸው። ቢትህ እሱ ይሁን፤ ሲንቱም ቫዮሊኑም እሱ ላይ ይቁሙ። ስትቀርጽ ግን ለልጁ የአንድ ጫማ ሒሳብ ክፈለው፣ ሥራ ታስፈታዋለህ።