ለፕሮፌሰር ከመጻፍህ በፊት የምትሠራው ስሌት

ሰላም ወንድማችን፣

በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቀህ፣ ከባድ ቅንጣቶች በሁከታዊ ፍሰት (ተርቡለንስ) ውስጥ ለምን እንደሚሰባሰቡ በማስተርስ ማጥናት እንደምትፈልግ፣ ለአምስት ፕሮፌሰሮች ጽፈህም መልስ እንዳጣህ ነግረኸናል። ደብዳቤህን አየነው። «ለፈሳሽ መካኒክስ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ማንም ይላል። ያንተ ደብዳቤ የጎደለው አንድ ቁጥር ነው፤ የስቶክስ ቁጥር።

በአየር ውስጥ ያለ የውሃ ጠብታ ከአየሩ ስለሚከብድ ከአዙሪቱ ጋር መታጠፍ ያቅተዋል። እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ውጭ ይወረወርና በአዙሪቶች መካከል ይጠራቀማል። የስቶክስ ቁጥር ጠብታው ፍጥነቱን ከአየሩ ጋር ለማስተካከል የሚፈጅበት ጊዜ ለትንሹ አዙሪት ጊዜ ሲካፈል ነው። ወደ 1 ሲጠጋ መሰባሰቡ ይበረታል፤ በጣም ሲያንስ ጠብታው አየሩን ይከተላል፣ በጣም ሲበልጥ አዙሪቱን ጥሶ ያልፋል።

በደመና አስላው። የጠብታው ጊዜ የውሃ እፍግታ በዲያሜትሩ ካሬ ተባዝቶ፣ ለአየር ዝልግልግነት (ቪስኮሲቲ፣ ለመፍሰስ ያለው ተቃውሞ) 18 እጥፍ ሲካፈል ነው። ለ20 ማይክሮሜትር ጠብታ 0.0012 ሰከንድ ይወጣል። በሁከቱ የሚባክነው ኃይል በኪሎግራም አየር 0.01 ዋት ከሆነ የትንሹ አዙሪት ጊዜ 0.039 ሰከንድ ነው፤ ስቶክስ 0.03 ገደማ ብቻ። በ100 ማይክሮሜትር 0.8 ይደርሳል፤ እዚያ ግን ጠብታው በሰከንድ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚወድቅ ስበትን መተው አትችልም። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ከዚያ በፓይተን ሞክረው፤ ላፕቶፕ ይበቃል። አግድም ፍጥነቱ ሳይን ኤክስ በኮሳይን ዋይ፣ ሽቅቡ ኮሳይን ኤክስ በሳይን ዋይ ከነኔጌቲቩ የሆነ ቋሚ የአዙሪት ፍሰት ውሰድ። 10,000 ቅንጣት በዘፈቀደ በትን፣ ስበትን ለጊዜው ተው፣ ስቶክስን 0.1 እና 1 አድርገህ አስኪድ። የጊዜ እርምጃህ ከቅንጣቱ ጊዜ አንድ አስረኛ አይብለጥ፤ ቀላል በሆነው የኦይለር ዘዴ (ቀጣዩን ዋጋ ካሁኑ ዋጋ በቀጥታ በሚያሰላው) እርምጃህ ከቅንጣቱ ጊዜ 2 እጥፍ ካለፈ ስሌቱ ይፈነዳል። ሥዕሉን አይተህ «ተሰባሰቡ» አትበል። ፍሰቱ ያለበትን ሳጥን በ20 በ20 ክፍሎች ከፋፍለህ በየክፍሉ ያሉትን ቅንጣቶች ቁጠር፤ በዘፈቀደ ከተበተኑ የቆጠራው ቫሪያንስ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው) ከአማካዩ (25) ጋር ይቀራረባል፣ ከተሰባሰቡ ደግሞ ይበልጠዋል። መጀመሪያ ይህን በመነሻው ብትን ላይ ፈትሽ፤ እዚያ ካልሠራ ኮድህ ላይ ችግር አለ።

የወንዝ ደለል ላይ መሥራት እፈልጋለሁ ብለህ ደግሞ ይህንኑ ስሌት አትላክ። አሸዋ ከውሃ 2.65 እጥፍ ገደማ ብቻ ስለሚከብድ፣ ቅንጣቱ አብሮ የሚገፋውን ውሃ ክብደት ማስገባት ግድ ነው። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይነቃብሃል።

ደብዳቤው ከስምንት መስመር አይብለጥ፦ አንድ ሥዕል፣ የቫሪያንሱ ቁጥር፣ የኮዱ ማስፈንጠሪያ፣ እና በዚያ ፕሮፌሰር ጽሑፍ ውስጥ ያልገባህ አንድ ጥያቄ።