የክለብ ዕዳ፣ የግብር ክርክርና የስፖርት ዜና፦ ከጅማ ደጋፊዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በጅማ የሚኖሩ የእግር ኳስ ደጋፊዎች ስለ ክለብ ጨዋታዎች፣ ስለ መገናኛ ብዙኃን ዘገባና ስለ ግብር ክርክር በጽሑፍ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የተሰጡት መልሶች ቀጥለው ቀርበዋል። መልስ ሰጪው በከተማው በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር የጅማ አባ ጅፋር ደጋፊ ነው። የስኮትላንዱ ሬንጀርስ ስም ደጋግሞ የሚነሳው የክለቡ የግብር ጉዳይ እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ደርሶ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ የሆነ በመሆኑ ነው።

ጥያቄ (ከሂርማታ)፦ ጋሼ፣ በሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ላይ «ሬንጀርስ በግብር ዕዳ ፈረሰ» ሲባል እሰማለሁ። ያን የሚያህል ክለብ በግብር ምክንያት እንዴት ሊፈርስ ይችላል? ነገሩ ምን ነበር?

ሬንጀርስ በ1872 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ከሴልቲክ ጋር የስኮትላንድን እግር ኳስ ለሁለት ተካፍሎ የኖረ ክለብ ነው። ከ2001 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ለተጫዋቾቹና ለኃላፊዎቹ ከደመወዝ በተጨማሪ በአደራ ተቋም በኩል ገንዘብ ይከፍል ነበር። ክለቡ ገንዘቡን ለአደራ ተቋሙ ይሰጣል፤ ተቋሙ ደግሞ በተጫዋቹ ቤተሰብ ስም በተከፈተ ንዑስ አደራ በኩል ለተጫዋቹ «ብድር» ብሎ ያስተላልፍለታል። ብድር ገቢ ስላልሆነ የደመወዝ ግብር አይቆረጥበትም ነበር። የብሪታንያ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በበኩሉ ይህ ማንም ይመልሰዋል ብሎ የማይጠብቀው ብድር ስለሆነ ስሙ የተለወጠ ደመወዝ ነው ሲል ተከራከረ። በሬዲዮ የምትሰማው «ትልቁ የግብር ክስ» ይህ ነው። ነገር ግን ክለቡን የጣለው እሱ ነው የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ወደዚያው ይወስደናል።

ጥያቄ (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ)፦ በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. የግብር ጉዳይ ሰሚው ችሎት በአብዛኛው ለሬንጀርስ እንደፈረደ አንብቤአለሁ። ክለቡ ግን ከዚያ በፊት ፈርሶ ነበር። ካሸነፈ ለምን ፈረሰ?

ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይህ ነው ብዬ ስለማምን ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ዴቪድ መሪ የሚባሉት የክለቡ ባለቤት በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. ድርሻቸውን ክሬግ ዋይት ለተባለ ነጋዴ በአንድ ፓውንድ ሸጡለት። ገዢው የባንኩን 18 ሚሊዮን ፓውንድ ዕዳ የዘጋው ከኪሱ አውጥቶ ሳይሆን፣ የሚቀጥሉትን ዓመታት የደጋፊዎች የውድድር ዘመን ትኬት አስቀድሞ ለአንድ ኩባንያ በመሸጥ ባገኘው ገንዘብ ነበር። ይህ ማለት ክለቡ በየዓመቱ የሚተነፍስበትን ገቢ አስቀድሞ በልቶታል ማለት ነው። በዚያው ክረምት ቡድኑ በቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ በማልሞ፣ በዩሮፓ ሊግ ደግሞ በማሪቦር ተሸንፎ ከአውሮፓ ውድድር ወጣ፤ ይመጣል ተብሎ የተጠበቀው ገንዘብም ቀረ።

በዚህ ጊዜ አስተዳደሩ ያደረገው ነገር ለሒሳብ ሰው እጅግ የሚያስደነግጥ ነው። ከተጫዋቾችና ከሠራተኞች ደመወዝ ላይ የተቀነሰውን ግብር እንዲሁም ከትኬት ገዢዎች የተሰበሰበውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ለመንግሥት ሳያስተላልፍ ለዕለት ወጪ አዋለው። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህ ውዝፍ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። የካቲት 14 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ክለቡ ባለዕዳነቱን መሸከም አቅቶት በተሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ ሊጉም 10 ነጥብ ቀነሰበት። በሰኔ ወር የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ የቀረበለትን የዕዳ ማቃለያ ስምምነት አልቀበልም በማለቱ ኩባንያው ወደ መፍረስ አመራ፤ ንብረቱም በ5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

እንግዲህ ልብ በል። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠረው የአደራ ተቋሙ ጉዳይ በዚያን ጊዜ ገና ክርክር ላይ ነበር። ክርክር ያለበት ዕዳ ጊዜ ይሰጣል፤ ጠበቃ ይቆምለታል፤ ይግባኝ አለው። ከደመወዝ ተቀንሶ ያልተላለፈው ግብር ግን ክርክር የለበትም፤ ክለቡ ራሱ አስልቶ፣ ራሱ ቀንሶ፣ በራሱ መዝገብ ላይ ያሰፈረው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ክለብን አንቆ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ዜና የሚሆነው ግን የመጀመሪያው ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ተማሪ)፦ ትልቁ ክስ በመጨረሻ ለማን ተፈረደ?

ለገቢዎች መሥሪያ ቤቱ። ሁለተኛው ችሎት በ2014 እ.ኤ.አ. የክለቡን ድል ቢያጸናም፣ የስኮትላንድ ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በኅዳር 2015 ገለበጠው፤ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሐምሌ 5 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የመሥሪያ ቤቱን አቋም አጸና። ፍሬ ነገሩ፣ ሠራተኛው ለሠራው ሥራ የሚከፈል ገንዘብ በሦስተኛ ወገን እጅ ስላለፈ ብቻ ደመወዝነቱን አያጣም የሚል ነው።

ጥያቄ (ከአጂፕ አካባቢ)፦ የስኮትላንድ ጋዜጠኞች ይህን ሁሉ እንዴት ሳያዩ ቀሩ? የኛዎቹንስ እንዴት እንመናቸው?

ሁሉም አላዩም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ክሬግ ዋይት ክለቡን ሊገዛ መሆኑ ሲወራ አንዳንድ ጋዜጦች ቢሊየነር ብለው አስተዋውቀውት ነበር፤ የሀብቱን ምንጭና መጠን ግን መርምረው አላሳዩም። ክለቡ በየቀኑ ዜና የሚሰጣቸው ዘጋቢዎች ከክለቡ ጋር መጣላትን ስለሚፈሩ፣ ጠንካራውን ጥያቄ ያነሱት በአብዛኛው ከስፖርት ክፍሉ ውጭ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለዋይት ፍትሕ ሲባል ግን በማጭበርበር ተከስሶ በ2017 እ.ኤ.አ. በነጻ እንደተሰናበተም መናገር ይገባል።

ወደ እኛ ስመለስ፣ በስፖርት ዘገባ የማያቸው ሁለት ድክመቶች አሉ። አንደኛው ጥያቄን እንደ ፍርድ ማቅረብ ነው። የግብር መሥሪያ ቤት «ይህን ያህል ክፈል» ብሎ የላከው ማስታወቂያ የመሥሪያ ቤቱ አቋም እንጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም፤ «ክለቡ ግብር ሰወረ» የሚል አርእስት በዚህ ደረጃ ላይ መውጣት የለበትም። ሁለተኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ ይግባኝ የተጠየቀበትን የመጀመሪያ ደረጃ ድል «ክለቡ ነጻ ወጣ» ብሎ መዝጋት። ሬንጀርስ በሁለቱም ተዘግቦበታል። እኔ የግብር ዜና ስሰማ የምጠይቀው «በየትኛው ደረጃ ላይ ነው?» ብዬ ነው፤ ዘጋቢው ይህን ካልነገረኝ ቁጥሩን ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

ጥያቄ (ከመንደራ ቆጪ)፦ ሜሲ 21 ወር እስራት ተፈርዶበት እንዴት አልታሰረም? ሕጉ ለሀብታም ይለያል?

በስፔን ከሁለት ዓመት ያነሰ እስራት የተፈረደበትና ቀደም ብሎ የወንጀል ሪከርድ የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ እስር ቤት አይገባም። ሜሲ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከምስል መብት (ስሙና ምስሉ ለማስታወቂያ ሲውል ከሚከፈለው ገንዘብ) ባገኘው ገቢ ላይ 4.1 ሚሊዮን ዩሮ ግብር አልከፈለም ተብሎ ተፈረደበት፤ እስራቱም በኋላ ወደ 252,000 ዩሮ መቀጫ ተለወጠ። ሮናልዶ በ2019 እ.ኤ.አ. ጥፋቱን አምኖ 18.8 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማ። በተመሳሳይ ጉዳይ የተከሰሰው ቻቢ አሎንሶ ግን አልስማማም ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራክሮ በነጻ ተሰናብቷል። የባርሴሎናና የሪያል ማድሪድ ደጋፊዎች ቡና እየጠጡ ሲጨቃጨቁ ይህ ሦስተኛው ስም ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ፣ ነጋዴ)፦ በአገራችን አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ታዲያ መንግሥት ከራሱ ክለብ ግብር መጠየቁ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ማዛወር አይሆንም?

አይሆንም። የደመወዝ ግብር የክለቡ ግብር ሳይሆን የተጫዋቹ ግብር ነው፤ ክለቡ ቀንሶ እንዲያስተላልፍ በሕግ የታዘዘ አሠሪ ብቻ ነው። ገንዘቡ ከበጀት የመጣ መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ አስተማሪውም የከተማው ጸሐፊም ደመወዛቸው ከበጀት ነው፣ ግብሩም በየወሩ ይቆረጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ግብር ቀንሶ ባላስቀረ ድርጅት ላይ ከጣለው የ10 በመቶ መቀጫ ሌላ፣ ሥራ አስኪያጁና ዋናው የሒሳብ ሹም እያንዳንዳቸው 2,000 ብር በግላቸው እንዲቀጡ ደንግጓል። መጠኑ ዛሬ አነስተኛ ሊመስል ይችላል፤ ትርጉሙ ግን «ቦርዱ አዘዘኝ» ማለት አያዋጣም ነው።

ጥያቄ (ከቦሳ አዲስ)፦ ተጫዋቾች ሲፈርሙ «የተጣራ ይህን ያህል» ይባላል። ግብሩን ክለቡ ከቻለው ምን ችግር አለው?

ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። ብዙ የክለብ አመራሮች የተጣራውን ደመወዝ ከተስማሙ በኋላ 35 በመቶውን በላዩ ላይ አስልተው የጨረሱ ይመስላቸዋል። የገቢ ግብር ሕጉ ግን አሠሪው ለሠራተኛው የሚከፍለውን ግብር ራሱ የሠራተኛው ገቢ አድርጎ ይደምረዋል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ማስከፈያ መሠረት በወር ከ2,000 ብር በታች ነጻ ሲሆን ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ጡረታን ለጊዜው ትተን አንድ ተጫዋች በወር 50,000 ብር የተጣራ እንዲያገኝ ከተፈለገ ያልተጣራው ደመወዝ 73,769 ብር ገደማ መሆን አለበት፤ ግብሩም 23,769 ብር ይሆናል። ተመሳሳይ ውል ያላቸው 25 ተጫዋቾች ቢኖሩ በየወሩ ወደ 594,000 ብር፣ በዓመት ከ7 ሚሊዮን ብር በላይ ማለት ነው። ይህ ወጪ በውሉ ላይ ስለማይጻፍ በጀት ሲያዝ አይታይም፤ በጀቱ ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው፤ ተጫዋቹ የተጣራውን ስለተቀበለ አይጮህም፣ ደጋፊውም አይሰማም። ክለቦች በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የ50,000 ብር የደመወዝ ጣሪያ ሲስማሙ ውይይቱ ሁሉ ስለ ጣሪያው ሆኖ ስለ ግብሩ የተነሳው እጅግ ጥቂት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ጥያቄ (ከዚያው ከቦሳ አዲስ)፦ ክለብ በተጠየቀው ግብር ካልተስማማስ?

በተጠቀሰው የፌዴራል አዋጅ መሠረት የግብር ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ያቀርባል። ቅሬታው ውድቅ ከሆነ በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያም ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ኮሚሽኑ ዘንድ ለመቅረብ ክርክር ካለበት ግብር 50 በመቶውን፣ ፍርድ ቤት ለመቅረብ 75 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል ይጠበቅበታል። የሠራተኛ ደመወዝ ግብር በአብዛኛው የክልሎች ገቢ በመሆኑ የእኛ ከተማ ክለብ ጉዳይ በኦሮሚያ ሕግና ተቋማት የሚታይ ነው፤ ቀን የማያሳልፍ የሒሳብ ሰው ማስፈለጉ ግን በየትም ያው ነው። ጥሩ መከራከሪያ ይዘው ቀኑ ያለፈባቸው ድርጅቶች አጋጥመውኛል።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በገባንበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ በላን፤ በ2011 አል አህሊን አዲስ አበባ ላይ አሸነፍን። ዛሬ ግን በ2014 ዓ.ም. መውረዳችን ብቻ ይወራል። ይህ አድልዎ አይደለም?

ቁጭትዎን እጋራለሁ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን በመልሱ 1 ለ 0 ማሸነፋችን፣ በድምር 2 ለ 1 ብንወድቅም፣ ከአፍሪካ ታላቅ ክለብ ጋር የተደረገ የክብር ጨዋታ ነበር። የማልስማማው «አድልዎ» በሚለው ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል አግኝቶ ጨዋታዎቹ በሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምሩ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነበር፤ ካሜራው እዚሁ ደጃችን መጥቶ ነበር። የጎደለው ከጨዋታው ውጭ ያለው ዘገባ ነው። ዋንጫ የበላ ቡድን በአራት ዓመት ውስጥ የወረደበትን ምክንያት ከአሰልጣኝ ስም ባለፈ፣ ከገቢና ከወጪ ጋር አያይዞ የመረመረ ሥራ ቢኖር ኖሮ እርስዎም እኔም ከወሬ እንድን ነበር።

ጥያቄ (ስማቸውን ያልገለጹ)፦ የዛሬው ሬንጀርስ ያው የድሮው ክለብ ነው?

የሴልቲክ ደጋፊ ከጠየቁ አይደለም ይሉዎታል። ኩባንያው ሌላ ነው፤ ከ30 የታችኛው ሊግ ክለቦች 25ቱ ድምፅ ሰጥተው በአራተኛው እርከን እንዲጀምር አድርገዋል። በዚያው እርከን አንድ ጨዋታውን ከ49 ሺህ በላይ ሰው የክለቡ ስታዲየም ኢብሮክስ ገብቶ ተመልክቶለታል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሊጉ ሳይሸነፍ የስኮትላንድ ፕሪሚየርሺፕ ሻምፒዮን ሆኗል። ለእኔ ያ ሕዝብ በቂ መልስ ነው።

ጥያቄ (ከመርካቶ፣ የተጫዋች እናት)፦ ልጄ ከአንድ ክለብ ጋር ሊፈርም ነው። ስለ ግብሩ ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

እንኳን ደስ አለዎት፣ እናቴ። ውሉ ላይ ያልተጣራው ደመወዝ በአኃዝና በፊደል ይጻፍ፤ ግብርና ጡረታ ከእሱ ላይ እንደሚቀነሱ ይገለጽ። የፊርማ ገንዘብና የማሸነፊያ ጉርሻም ገቢ ስለሆኑ በቃል ሳይሆን በውሉ ይካተቱ። ልጁ በስሙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ በየወሩም ደመወዙና የተቀነሰበት ግብር የተዘረዘረበት ወረቀት ይቀበል። ክለቡ «የተጣራ ብቻ ነው የምንጽፈው» ካለ፣ ግብሩን ክለቡ ለመክፈል ግዴታ መግባቱ በግልጽ ይጨመርና ከተቻለ የተከፈለበት ደረሰኝ ቅጂ ይጠየቅ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከባንክ ብድር ሲጠይቅ ወይም ክለብ ሲለውጥ የሚጠየቀው ያንኑ ወረቀት ነው።