መልስ፦ በሙዚቃ ክሊፕህ ስሎው ሞሽን (የዘገየ ምስል) ላይ የዘፋኙ አፍ ከዘፈኑ ጋር አልገጥም ላለህ

ችግሩ ኤዲቲንጉ ሳይሆን ቀረጻው ላይ ነው። በሰከንድ 50 ፍሬም (ምስል) የቀረጽከውን በሰከንድ 25 ፍሬም በሆነ ታይምላይን (ኤዲት የምታደርግበት መስመር) ላይ ስታዘገየው ምስሉ ግማሽ ፍጥነት ይሄዳል፤ ዘፋኙ የዘፈነው ግን በመደበኛው ፍጥነት ነው። ስለዚህ አፉ የሚታይባቸውን ሾቶች ወይ ስሎውን አንሳላቸው፣ ወይ እንደገና ቅረጻቸው። እስክስታውንና ሩቅ ሾቶቹን አትንካ፤ እዚያ ማንም አፍ አያይም።

ስትደግም እንዲህ አድርግ፦

1. የዘፈኑን ቅጂ በ200 ፐርሰንት ፍጥነት አውጣ። የ4 ደቂቃው ዘፈን 2 ደቂቃ ይሆናል። መጀመሪያው ላይ ሦስት ቢፕ (አጭር የምልክት ድምፅ) ጨምርበት፤ በኋላ ለማግጠም ነው።
2. ካሜራውን 50 ፍሬም፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/100 ሰከንድ አድርግ። በካሜራው የስሎው ሞሽን ሞድ አትቅረጽ፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች እዚያ ላይ ድምፅ አይቀዱም፣ ቢፑን ታጣዋለህ።
3. ዘፋኙ ከፈጣኑ ቅጂ ጋር አፉን በደንብ ከፍቶ ይዝፈን። ማጉረምረም ሲዘገይ ያስታውቃል።
4. ኤዲት ላይ ቪዲዮውን ከነድምፁ 50 ፐርሰንት አድርገህ ቢፑን ከዋናው ዘፈን ጋር አግጥም።

ዘፈኑ ራሱ ፈጣን ከሆነ በእጥፍ ፍጥነት የሚዘፍነው ሰው አታገኝም። በ30 ፍሬም ቅረጽና ዘፈኑን 120 ፐርሰንት አጫውት፤ ኤዲት ላይ 83.33 ፐርሰንት ታደርገዋለህ። ስሎውነቱ ትንሽ ነው፣ ግን ለእንቅስቃሴው ክብደት ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ 30 ፍሬም ስለሆነ ብሎ ሻተሩን 1/60 ያደርጋል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የቤትና የአዳራሽ አምፖሎች ምስሉ ላይ ብልጭ ድርግም ይላሉ። በትንሿ ስክሪን አይታይህም፤ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው ነው ጉዱ የሚወጣው። 1/50 ወይም 1/100 አድርገው።