መልስ፦ አራተኛውን ዓይነት ጥራው
አብሽር ወንድሜ፣ ፒያሳ ብሪጅ (ሁለት ሁለት ሆነው ስንት ዙር እንደሚወስዱ በጥሪ የሚወዳደሩበት የካርታ ጨዋታ) ስትጫወቱ የገጠመህና "ምን ማለት ነበረብኝ?" ብለህ የጠየቅከው የተለመደ ነው። አጋርህ ጥሪውን በ1 ኸርት ከፈተ፣ አንተ 1 ስፔድ፣ እሱ 2 ክለብ አለ። አንተ ዘልለህ 3 ኖ ትራምፕ (ሌሎቹን የሚበልጥ ዓይነት ሳይኖር 9 ዙር እንወስዳለን) ስትል ተቃራኒዎቹ በዳይመንድ ጀመሩና አምስት ዙር በተከታታይ ወሰዱ።

እጅህ ስፔድ አስ፣ ንጉሥ፣ 7፣ 5፣ 2፤ ኸርት ጃክና 4፤ ዳይመንድ 7፣ 5፣ 3፤ ክለብ ንጉሥ፣ ንግሥትና 6 ነበር ብለሃል። 13 ነጥብ ነው (አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1)፤ ለጌም፣ ማለትም ትልቅ ጉርሻ ለሚያስገኘው የጥሪ ደረጃ፣ ይበቃል፣ ዳይመንዱ ግን ክፍት በር ነው። እዚህ ላይ 2 ዳይመንድ በል። ያልተጠራው አራተኛ ዓይነት ስለሆነ ዳይመንድ አለኝ ማለት አይደለም፤ "ስለ እጅህ ጨምረህ ንገረኝ" ማለት ነው፤ አጋርህም ፓስ ማለት (ጥሪውን ማለፍ) አይችልም።

እሱ ሦስት ስፔድ ካለው 2 ስፔድ ይላል። ከሌለውና ዳይመንድ ላይ ማገጃ ካለው 2 ኖ ትራምፕ። ማገጃ የሚባለው ተቃራኒዎቹ በዚያ ዓይነት ዙሩን በተከታታይ እንዳይወስዱ የሚያቆም ካርታ ነው፦ አስ፣ ወይም ንጉሥ ከአንድ ትንሽ ጋር፣ ወይም ንግሥት ከሁለት ትንንሽ ጋር ነው። ሁለቱም ከሌሉት ኸርቱን ወይም ክለቡን ይደግማል፤ ያኔ ኖ ትራምፕን እርሳው።

ኖ ትራምፑን እሱ ቀድሞ መጥራቱ ትልቅ ጥቅም አለው፦ የመጀመሪያው ካርታ ወደ እሱ ስለሚመጣ፣ የዳይመንድ ንጉሥ ካለው በቀላሉ አይበላበትም። ማገጃው አንተ ጋ ከሆነ ግን መጠየቅ አያስፈልግም፣ ቀጥታ 3 ኖ ትራምፕ በል። በ7 እና 8 ነጥብ ደግሞ አራተኛውን ዓይነት መጥራት በፍጹም አትሞክር፤ ብዙዎች ጥሪውን እስከ ጌም የሚያስገድድ አድርገው ነው የሚይዙት። 1 ክለብ፣ 1 ዳይመንድ፣ 1 ኸርት ከተባለ በኋላ የሚመጣውን 1 ስፔድ፣ እሱም አራተኛ ዓይነት ስለሆነ፣ እውነተኛ ስፔድ ነው ወይስ ጥያቄ ብላችሁ እንደምትረዱት ከአጋርህ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።