አሸዋው የጠጣውን ማን ይጠጣዋል? ስለ አደገኛ ቆሻሻ የድሬና የሐረር ጥያቄዎች

ሰላም ወገኖቼ። ብዙ ዓመት በወርክሾፕና በፋብሪካ የደህንነት ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ጋራዥ፣ ባትሪ ቤት፣ ቀለም ቤት፣ ክሊኒክ ያላችሁ ስለ አደገኛ ቆሻሻ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ብዙ ነው፣ የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

ጥያቄ (ጋራዥ፣ ገንደ ቆሬ)፦ ጋሼ፣ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። የተቃጠለ ዘይት ሁሌም ጓሮ አሸዋው ላይ ነው የምንደፋው። ወዲያው ይመጠዋል፣ ሽታ እንኳ አይተውም። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ራሱ መምጠጡ ነው። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሐረርም ብትሆን ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች እየተሳበ ነው ውሃ የሚወጣላት። አሸዋ ደግሞ ወንፊት ነው፣ የደፋህበትን ወደ ታች ያሳልፋል። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊያበላሽ ይችላል። ሞተር ውስጥ ሲዞር የከረመ ዘይት ንጹህ ዘይት አይደለም፤ ከሞተሩ የተፋቀ ብረት፣ እርሳስ፣ ካንሰር የሚያመጡ የቃጠሎ ትርፍራፊዎች ይዟል። ወደ ታች ያልሰረገውን ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል። ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ደጋ ላይ ሲዘንብ በአንዴ ሞልቶ እንደሚመጣ ለድሬ ልጅ አይነገርም፤ የ1998ቱን የሌሊት ጎርፍ የረሳ የለም።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ክዳን ያለው ደህና የብረት በርሜል ያዝ። ጥላ ሥር፣ ሊሾ ወለል ላይ አስቀምጠው፤ በዙሪያው በብሎኬት ዝቅ ያለ ግድብ ሥራለት፣ በርሜሉ ቢቀደድ ዘይቱ እዚያው እንዲቀር። እስከ አፉ አትሙላው፤ በድሬ ሙቀት ዘይቱ ይነፋል፣ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በትልቁ «የተቃጠለ ዘይት» ብለህ ጻፍበትና የጀመርክበትን ቀን አስፍርበት። ከሁሉም በላይ ግን ቤንዚን፣ ቲነር፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ አትቀላቅልበት። ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት የተቃጠለ ዘይት ፈላጊ አለው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ እንኳ ጥሬ ዕቃውን እስከ 1450 ዲግሪ ስለሚያግል እንዲህ ያለ ዘይት ለማገዶነት ሊያቃጥል ይችላል። የተቀላቀለውን ግን ማንም አይነካልህም። ፊልትሮውንም (የዘይት ማጣሪያውን) ወዲያው አትጣል፤ ብሳውና ገልብጠህ በርሜሉ ላይ አሳድረው፣ ጠዋት ምን ያህል ዘይት እንደወጣው ስታይ ይገርምሃል።

ጥያቄ (ያው ጋራዥ)፦ እሺ፣ ምስጥ እንዳይበላው እንጨት ለመቀባት የሚወስዱትስ? ዳቦ ቤት ለማገዶ የሚጠይቀንም አለ።

መልስ፦ ሁለቱንም አትስጥ። እንጨቱ ላይ የተቀባው ዘይት ዝናብ ሲነካው መሬት ይገባል። ዳቦ ቤቱ ደግሞ የባሰ ነው። የዳቦ ምድጃ የሲሚንቶ ምድጃ አይደለም፣ ሙቀቱ አይበቃም። እርሳሱ ከጭሱ ጋር ወጥቶ ጋጋሪው ሳንባና ሰፈሩ ላይ ያርፋል።

ጥያቄ (ባትሪ ሻጭ፣ መጋላ)፦ አቦ እኛስ ምን እናድርግ? አሮጌ ባትሪ የሚገዛን ቁራሌው «አሲዱን ካልደፋችሁ አልገዛም፣ በኪሎ አታታሉኝ» ይላል።

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ከሦስት ሰው መጥቶልኛል። አሲዱን አትድፉ። የባትሪ ውሃ የምንለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ የሟሟ እርሳስ አለበት። ቦይ ውስጥ ስትደፉት አሲዱን ብቻ አይደለም የደፋችሁት። በዋጋ ተደራደሩ፤ የአሲዱን ኪሎ ቀንሳችሁ ሽጡለት፣ ባትሪው ግን ሙሉውን ይሂድ። እስኪሄድ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ሥሩ የፕላስቲክ ትሪ ይኑረው፣ ዋልታዎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ። የተሰነጠቀ ካለ ለብቻው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አድርጉት። አሲድ ከፈሰሰ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ኖራ በትኑበት፣ መፍላቱን ሲያቆም በአካፋ ሰብስቡት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ባትሪ ቤት ስሄድ ለሥራው አዲስ የሆነ ልጅ ጂንሱ ጉልበቱ ላይ ትናንሽ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። አይጥ በልቶት መስሎት ነበር። ትናንት ልብሱ ደህና ነበር፣ ታጥቦ ሲወጣ ተበሳሳ። የአሲድ ጠብታ እንዲህ ነው፣ ሲያርፍ አይታይም። እርሳሱም በዚያው ልብስ ቤት ይገባል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ «ይህን ያህል ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም። ስለዚህ የሥራ ልብስ ሱቅ ይደር። እጅ ሳይታጠቡ ልጅ ማቀፍ፣ ጫት መቃምና መብላትም ይቅር፤ በተለይ ጫቱን እላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እየሠሩ የሚቅሙትን አይቻለሁና።

ጥያቄ (አነስተኛ ክሊኒክ፣ ሐረር ሸዋ በር)፦ እኛ ቆሻሻውን በሙሉ አንድ ላይ በርሜል ውስጥ እናቃጥላለን። ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ እንደማንኛውም ቤት ቆሻሻ ነው፤ ወረቀት፣ ካርቶን፣ የምግብ ትርፍራፊ። አደገኛው 15 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ላይ ስትጨምሩት ግን ሁሉም አደገኛ ይሆናል፣ ወጪያችሁም በዚያው ልክ ያድጋል። መለየቱ የሚጀምረው ከነርሷ እጅ ነው። መርፌው ክዳኑ ሳይመለስበት እዚያው አጠገቧ ያለው ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ ሳጥን) ውስጥ ይግባ፤ ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ። ጽዳት ሠራተኛዋ በፌስታል ውስጥ ባለ መርፌ ስትወጋ የሚተርፋት የወራት ጭንቀት ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ።

በርሜል ውስጥ ማቃጠሉ ይቅር። ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከፕላስቲኩ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፣ መርፌውም ከአመዱ ውስጥ ሳይነካ ይገኛል። ከ850 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ማቃጠያ ካለው ሆስፒታል ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ቢሰበር ደግሞ በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ ይበታተናል፣ እሳትም አታስነኩት። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ በሁለት ጠንካራ ወረቀት ሰብስባችሁ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት።

ጥያቄ (ብዙ ሰው)፦ ሕጉ ትልልቅ ፋብሪካዎችን እንጂ እኛን አይመለከትም አይደል?

መልስ፦ ይመለከታችኋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 4 ያለ ፈቃድ አደገኛ ቆሻሻ ማመንጨት፣ ማስቀመጥ፣ ማጓጓዝ፣ ማከም፣ ማስወገድ ክልክል ነው ይላል። ትንሽ ትልቅ አይልም። ከዚያ በኋላ ለብቻው የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል። ተቆጣጣሪ ሳያሳውቃችሁ ግቢያችሁ መግባት ይችላል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ የከተማችሁን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሂዱና ጠይቁ። እዚያ ስትሄዱ የምታወጡትን ቆሻሻ ዓይነትና በወር ስንት ሊትር ወይም ኪሎ እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ፤ ባዶ እጅ የሄደ ሰው ነገ ና ይባላል። ለሚወስድላችሁም ሰው ፈቃዱን ሳታዩ አትስጡ። ኮፒ ተቀበሉ፣ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የመኪናውን ታርጋ ደብተር ላይ መዝግቡ፣ አስፈርሙት። ነገ የእናንተ በርሜል ሜዳ ላይ ተገልብጦ ቢገኝ የሚያድናችሁ ያ ደብተር ነው።

ጥያቄ (ሞባይል ጥገና፣ ከዚራ)፦ ያበጠ ባትሪስ?

መልስ፦ አትብሱት፣ አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት። ደረቅ አሸዋ ያለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ለብቻው፣ ከፀሐይ ርቆ። አሸዋ ለዚህ ይጠቅማል።

ጥያቄ (ሆቴል)፦ ጽዳቶቻችን ሽንት ቤት ሲያጥቡ በረኪናና አሲድ አንድ ላይ ይጨምራሉ፣ ያፍናቸዋል።

መልስ፦ ዛሬውኑ አስቁሙ። የሚያፍናቸው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ በጦርነት ሰው የተገደለበት ጋዝ ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች በተለያየ መደርደሪያ አስቀምጡ።

ጥያቄ (ነዋሪ፣ ሳቢያን)፦ እኔ ነጋዴ አይደለሁም። ጎረቤቴ ያለ ወርክሾፕ ቲነርና ቀለም ቦይ ውስጥ ይደፋል። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ እናቴ። በዚያው በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይነካውም፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኙ ወይም በውሳኔው ካልረኩ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ቀን የተጻፈበት ፎቶ ይያዙ። ቅድሚያ ግን ባለቤቱን ያናግሩት። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ባለማወቅ ነው፤ ጎረቤት በር ላይ መጥቶ ሲነግራቸው የሚያፍሩ አሉ።

ጥያቄ (የገንደ ቆሬው ጋራዥ እንደገና)፦ ጋሼ፣ በርሜሉን ዛሬ ገዛሁ። እስካሁን የደፋነውስ?

መልስ፦ ተባረክ። የጠቆረውን አሸዋ ቆፍረህ አውጣው። ቀለሙ ተፈጥሯዊ እስኪሆን፣ ዘይት ዘይት ማለቱን እስኪተው ድረስ ውረድ። ሌላ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ አድርገው፣ «ዘይት የነካው አፈር» ብለህ ጻፍበትና ከዘይቱ ጋር ለባለ ፈቃዱ ስጠው። ወደ ደቻቱ ወስደህ እንዳትገለብጠው። ጥልቅ ሆኖ ካስቸገረህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ አብረን እናየዋለን። ዝናቡ ሳይገባ ብቻ።