ላፕቶፕሽን አትሽጪው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምኖር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በክረምት ዝናብ ላይ ነው። የመላ ኢትዮጵያን የየዕለት ዝናብ ከቺርፕስ (ከሳተላይትና ከምድር ጣቢያዎች ከሚሠራው የዝናብ መረጃ)፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2020 ያለውን፣ አንድ ወዳጄ በአንድ ሲኤስቪ ፋይል (ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) አድርጎ ሰጠኝ። በአር፣ በስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ፣ ልከፍተው ስል ላፕቶፑ ደርቆ ይቆይና ቦታ አልበቃኝም ብሎ ያቆማል። ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ሸጬው፣ ተበድሬም ቢሆን 16 ያለው ልግዛ?

መልስ፦ ተይ፣ አትበደሪ። መጀመሪያ እናስላው። ቺርፕስ ምድሩን በካሬ በካሬ ይከፍላል፤ አንዱ ካሬ ጎኑ 0.05 ዲግሪ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ አገራችንን ለመሸፈን ወደ 36 ሺህ ካሬ ይፈልጋል። በ40 ዓመት ቀናት ስታባዢው ከ520 ሚሊዮን መስመር በላይ ይወጣል። ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ቀን፣ ዝናብ፦ አራት ዓምድ። አር አንዱን ቁጥር በ8 ባይት ቢይዘው ከ16 ጊጋባይት ያልፋል፤ እየሠራም ቅጂ ያበዛል። አዲሱም ላፕቶፕ ይደርቅብሻል።

ደግሞስ ይህን ሁሉ ምን ልታደርጊው? የምትፈልጊው የየካሬው የአንድ ክረምት ድምር ነው፤ 36 ሺህ በ40፣ 1.44 ሚሊዮን መስመር። ይኼ ለአር ምኑም አይደለም። እኔም እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፤ ውሃ በፈረቃ ስትመጣ በርሜሉን ሞልቶ አራተኛ ፎቅ የሚያወጣ ጎረቤት አላየሁም፣ ሁሉም በጀሪካን ነው።

ጀሪካኑ ዳክዲቢ የሚባል ዳታቤዝ ነው። አር ውስጥ እንደማንኛውም ፓኬጅ ይጫናል፤ ፋይሉን ዲስክ ላይ እንዳለ ቆርሶ ቆርሶ አንብቦ ውጤቱን ብቻ ለአር ያስረክባል። የራም ጣሪያውን 4 ጊጋባይት አድርጊለት፤ ሲጠበው ትርፉን ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ፎልደር ስጪው። መብራት በማይጠፋበት ሌሊት ሲኤስቪውን አንዴ ፓርኬ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ለውጪው። ፓርኬ በዓምድ ስለሚያስቀምጥ የማትፈልጊውን ዓምድ ጭራሽ አያነብም። ከዚያ በኋላ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉትን 122 ቀናት፣ ማለትም የፈረንጆቹን ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ በካሬና በዓመት ደምር ማለት በኤስኪውኤል፣ በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ ትልቅ ፋይል ቆራርጬ የየቁራጩን አማካይ ያዝኩና የአማካዮቹን አማካይ አወጣሁ። ቁራጮቹ እኩል አልነበሩም። መምህሬ አንዷን ቁጥር በእርሳስ ከበቡና ዝም አሉ፤ ከስድብ የባሰ ዝምታ ነበር። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ድምሩንና ብዛቱን ያዢ፣ ማካፈል መጨረሻ ላይ ነው። መካከለኛው ቁጥር (ሚዲያን) ግን እንዲህ አይገጣጠምም፤ እሱን ለዳክዲቢ በሙሉው ዳታ ላይ እንዲሠራ ተይለት።

ቺርፕስ የጎደለን ዋጋ -9999 ብሎ ነው የሚጽፈው። ሳታወጪው ከደመርሽ ዝናብሽ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ አትሳቂ፣ ሲሆን አይቻለሁ።

በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. የ1984ን ክረምት ብቻ አውጥተሽ ወሎን እይው። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ከሌሎቹ ዓመታት ቁልቁል ወርዶ ካላገኘሽው፣ ኮድሽን ጠርጥሪ።